ጋሼ እኔን-ጠይቀኝና የጠፋው ስብሰባ

ለሰማ ሁሉ ይሰማ፤ ላልሰማም ይነገረው! በየሰፈሩ መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው ተሹሟል። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ሊሽረው የሚችልም አልተገኘም። ሥራው መንገድ መጠቆም ነው። ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀውን ደግሞ ከሚያውቀው አጥርቶ ያውቀዋል። ሲወለድ አዋላጇን "በዚህ በኩል ይቀል ነበር" ብሏት ነው የወጣው። ሲቀበርም ሬሳውን የተሸከሙትን ሰዎች "በታችኛው መንገድ ይቀርባል" ሳይላቸው አይቀርም።

እዚህ የሚነሡት ሹም ክቡር ጋሼ እኔን-ጠይቀኝ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ሰው ገና "ይቅርታ፣ እዚህ አካባቢ…" ብሎ አፉን ሲከፍት "እኔን ጠይቀኝ!" ስለሚሉ ሰፈሩ ይህንኑ አጸደቀላቸው። ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበር በር ዞረዋል። ቆጣሪ የሚሰቀለው ደጃፍ ላይ ነውና ከተማዋን እስከ ደጃፏ ድረስ ጠንቅቀው ያውቋታል። ከደጃፉ ወዲያ "ይግቡ" ያላቸው ሰው ስላልነበረ ግን ውስጡን የሚያውቁት በግምት ነው። የእሳቸው ግምት ደግሞ ከሌላ ሰው መሐላ ይጠነክራል። እስከ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው፣ ባትሪ የማታውቀውን የእጅ ባትሪያቸውን በደረት ኪሳቸው ሰክተው፣ ፀሐይ ሲያቃጥልም ዝናብ ሲጥልም ከመታጠፊያው አይጠፉም።

የሠሩት ግፍ ተቆጥሮ አያልቅም። አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ መጥቶ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው። ጋሼ ሳያቅማሙ ወደ ላይ ላኩት። መኪናው ዞሮ ዞሮ ሲደርስ ባለቤቶቹ ዐመዱን ጠርገው ነበር። "መኪናውማ በሰዓቱ ነው የደረሰው፤ እሳቱ ነው ያልታገሠው" ብለው ፈረዱ።

ሌላ ቀን አንድ አባወራ የመሬት ጉዳይ ቢሮ የት እንደሆነ ጠየቃቸው። ከሰዓታት በኋላ ቆሽቱ አርሮ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ የላኩኝ እኮ የእንስሳት ክሊኒክ ነው!"

"እና ምን አሉህ?"

"ወረፋ ያዝ አሉኝ።"

"ይኸው! ቢሮ ባይሆን ወረፋ ምን ይሠራል?"

ሰውየው ተመልሶ ወረፋውን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ነው አነጋገራቸው። የገዛ ልጃቸው ቤት ቀይራ ምሳ የጠራቻቸው ዕለት እንኳ ሰው መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው በማግሥቱ ነው የደረሱት፤ ሲገቡም "ምሳው ቀዝቅዟል" ብለው ወቀሷት። የሰፈሩ ሰው በመጨረሻ ዘዴ ፈጠረ። ጋሼን ይጠይቅና ከጠቆሙት በተቃራኒው ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስታወት ቆራጩ መንገድ ሊጠይቅ ወደ እኚህ ሰው ሲያመራ ያየ ሁሉ "ይህ ሰው ጤና የለውም" ማለት ነበረበት። እሱ ግን ጤነኛ ባይሆንም ብልጥ ነበር። ብልጠቱን ለማየት ሁለት ሦስት ቀን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መስታወት ቆራጩ በታላቅ እህቱ የመስታወትና የፍሬም ሱቅ ይሠራል፤ ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ይተኛል። መጠጥ ይወዳል ማለት ያንሳል። መጠጥ ቤቶቹ ሊያስጠጉት ሳይፈልጉ እንኳ የሚጠጋ ሰው ነው። ያን ሰሞን የአንድ ፀጉር አስተካካይ ትልቅ መስታወት ሊቆርጥ ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ፣ መቁረጫውን ሲያሳርፍ እጁ ከድቶት መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ተረተረው። መዳፉንም አብሮ።

"ሲመጣም ስንጥቅ ነበረበት" አለ ደሙ እየፈሰሰ።

"ስንጥቁ ያለው አንተ ላይ ነው" አለች እህቱ። መቁረጫውን ከእጁ ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "አባታችን በዚህ ነው ያሳደገን። አንተ ነገ ጣትህን ትጥልበታለህ።"

ቁስሉን የሰፋችለት ነርስ ለእህትየው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። መጠጥ የተዉ ሰዎች በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው ሰፈር ይሰበሰባሉ፤ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን እዚያው ጠይቆ ማግኘት ነው። እህትየው ወደ ቤት ሲመለሱ ፍርዷን አነበበች።

"ቅዳሜ ሄደህ ከእነሱ ጋር ተቀምጠህ ትመጣለህ። ያለዚያ ሰኞ ሌላ ቆራጭ እቀጥራለሁ። ክፍሉንም ለእሱ እሰጠዋለሁ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሰካራም አይደለሁም።"

"አይደለህም። ሰካራም እንኳ ሲጠግብ ያቆማል።"

ታላቅ እህት አንዴ ከተናገረች ይግባኝ የለም። ስለዚህ ሰውየው አሰበ። ስብሰባውን ካገኘው መግባት ሊኖርበት ነው፤ ከገባ መናገር ሊኖርበት ነው፤ ከተናገረ ደግሞ ነገርየው እውነት ሊሆን ነው። ካልፈለገው ክፍሉን ያጣል። ፈልጎ ቢያጣውስ? ፈልጎ ያጣ ሰው ላይ ማን ይፈርዳል? የሚያስፈልገው አብሮ ፈልጎ የሚያጣ ምስክር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ጫማውን ወልውሎ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ። የፋርማሲዋን ባለቤት ሰላም ብሎ አለፋት። ትራፊክ ፖሊሱን አለፈው። የከተማውን ደጃፍ ሁሉ በየቀኑ የሚያንኳኳውን ፖስተኛ፣ ያውም ቆሞ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያይቆ፣ አለፈው። ቀጥ ብሎም በምድር ላይ መንገድ ከማያውቁት አንድ ሰው ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ወዴት ነህ አንተ ጎረምሳ?" ጎረምሳው አርባን አልፎ ነበር።

"አንድ ስብሰባ ፈልጌ…"

"እኔን ጠይቀኝ!"

"እየጠየቅኩዎት ነው እኮ።"

"የቱ ስብሰባ?"

"እነዚያ… ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት።"

ሌላ ሰው ቢሆን "እነማን? ስለ ምን?" ይል ነበር። እሳቸው ግን ጠይቀው አያውቁም። ግንባራቸውን ቋጥረው ሰማይ ሰማይ አዩና "እህ! እነሱ ናቸው እንዴ!" አሉ። "አውቃቸዋለሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው።"

አንዱ የሚፈልገውን ላለመናገር ሞቶ ነበር፤ ሌላው አለማወቁን ላለመናገር። እንዲህ ያለ ስምምነት በመንግሥታት መካከልም አልታየም።

መስታወት ቆራጩ ጣታቸውን ጠበቀ። ጣታቸው ወደ አንድ የተሳሳተ አቅጣጫ ይጠቁማል፣ እሱ በዚያ በኩል ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ መጠጥ ቤት ደግሞ ቀሪውን ትጨርሳለች። ግን ጣታቸው አልተነሣም።

"ይሄን በጣት መጠቆም አይሆንም። ና፣ እኔው ራሴ አደርስሃለሁ።"

"ኧረ አይድከሙ ጋሼ!"

"ዝም በል። የጀመርኩትን ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም።" ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች። የጣሉት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ አብረው ይጠፋሉ እንጂ።

መጀመሪያ አንድ የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት ገቡ። ተከራዮች በውሃ ፓምፕ ተጣልተው ይጯጯሃሉ። ጋሼ በሩን በርግደው "ይኸው፣ ሰው አምጥቼላችኋለሁ!" አሉ። ጩኸቱ ቆመ። አንድ መነጽራም ሰውዬ መስታወት ቆራጩን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ተነሥቶ "እኚህ ወንድማችን እስካሁን ከማናችንም ጋር አልተጣሉም፤ የፍሳሽ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሁኑልን!" አለ። እጅ በሙሉ ወጣ። ጋሼም እጃቸውን አወጡ። መስታወት ቆራጩ "እኔ እዚህ አልኖርም" ቢል "ገለልተኛ ማለት እንዲህ ነው!" ተብሎ ተጨበጨበለት። ሲወጡ ጋሼ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "ዛሬ ባትመጣ ኖሮ ይሄ ሹመት ያመልጥህ ነበር" አሉት።

ቀጥሎ አንድ የጤና ጣቢያ የኋላ ክፍል ገቡ። የስኳር ሕመምተኞች እግራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ይማራሉ። ሐኪሟ ሳትጠይቀው "ጫማህን አውልቅ" አለችው። ካልሲው ላይ አውራ ጣቱ በቀዳዳ ብቅ ብሎ ጉባኤውን ታደመ። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካክታ "እግርህ ምንም አልሆነም" አለችው። "እጅህ ግን ለምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው?"

"በርዶኝ ነው።"

ውጭ አስፋልቱ ይቀልጥ ነበር። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነበር። ጋሼ "አሁን ገና ትዝ አለኝ!" ብለው አንድ ትልቅ አዳራሽ አስገቡት። ወጣቶች ቴአትር ይለማመዳሉ። እጇ ላይ ወረቀት የጠቀለለች አዘጋጅ ዞር ብላ አየችውና "ለሰካራሙ ገጸ ባሕርይ ነው የመጣኸው?" አለችው።

ደሙ ቀጥ አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ፊትህ ያስታውቃል። በል፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ተራመድ።"

ስንት ዓመት ሲለማመደው የኖረ ሰው ምን ይሳነዋል? ግን ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ ኩራቱ መጣ። ማታ ማታ በእህቱ መስኮት ሥር እንደሚያልፈው፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እግሩን እንደ እንቁላል እያስቀመጠ ሄደ።

"አላመንኩህም" አለች አዘጋጇ። "ሰካራም እንዲህ አይጠነቀቅም።"

ያን ጊዜ ተቆጣ። በሕይወቱ በሰካራምነቱ የተጠራጠረው ሰው አጋጥሞት አያውቅም። "አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ? በዓለም ላይ ከሰካራም በላይ ተጠንቅቆ የሚራመድ የለም! የሚንገዳገደው ሰው ሳያየው ሲቀር ነው!"

ከበሩ በኩል ጋሼ "ልጁ ልክ ነው" አሉ። "እኔን ጠይቁኝ!"

"ይሄን የት ተማርከው?" አለች አዘጋጇ ከልቧ። ሰውየው ግን እግሬ አውጪኝ ብሎ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጉሮሮው እንደ ወና ቤት ደረቀ። ሦስት ቦታ ገብቷል፤ ምስክር አለው፤ ይበቃል። "ጋሼ፣ ደክሞዎታል፤ ትንሽ አረፍ እንበል" ብሎ መንገዱ ዳር ወዳለችው፣ ገብቶባት ወደማያውቃት አንዲት መጠጥ ቤት አስገባቸው። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው አልነበረባትም። ለጋሼ ለስላሳ፣ ለራሱ ጠንከር ያለውን አዘዘ። በልቡ ለእህቱ የሚያቀርበውን ሪፖርት ይደረድር ጀመር። "እትዬ፣ እግሬ እስኪቃጠል ዞርኩ። ጋሼን ጠይቂያቸው…" ብርጭቆው መጥቶ ፊቱ ተቀመጠ። ደህነኛውን እጁን ከኪሱ አወጣ።

ያን ጊዜ ማንም ሊያምነው የማይችል ነገር ተፈጸመ። ክቡር ጋሼ እኔን-ጠይቀኝ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ጆሯቸው ደም እስኪመስል ቀልቶ ሰው ጠየቁ።

"እህቴ… ይሄ ልጅ ስብሰባ ጠፍቶበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አካባቢ የሚሰበሰቡ ሰዎች ታውቂያለሽ?"

የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆ መወልወሏን አቆመች። "የተዉት ናቸው?"

"ምኑን የተዉት?"

"ይሄን ነዋ!" ብላ በአገጯ ወደ ብርጭቆው ጠቆመች። "እንዴት አላውቃቸውም ጋሼ! የገዛ ደንበኞቼ ናቸው። ሙልጭ አድርገው ነው የወሰዱብኝ። ያ ጥግ የመምህሩ ነበር፤ እርስዎ የተቀመጡበት የአናጢው። አሁን በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ፣ 'እንደምን ዋልሽ' ይሉኛል፣ አይገቡም። ማዶ ካለው ጎሚስታ በላይ ናቸው፤ ደረጃው በጓሮ በኩል ነው።"

መጠጥ የተዉ ሰዎች የት እንዳሉ ለማወቅ የምትጠየቀው ያጣቻቸው ሴት መሆኗን ከተማው ሁሉ አላሰበውም። መስታወት ቆራጩ በተለይ እንዳይታሰብ ጸልዮ ነበር።

ጋሼ ብርጭቆውን አዩት። ብርጭቆውን ሊያነሣ ተዘርግቶ አየር ላይ የቀረውን እጅ አዩት። ከሌላው ኪሱ አፍ ብቅ ያለውን ፋሻም አዩት። ሰውየው የሚመጣውን ጠብቆ ዓይኑን ጨፈነ። የጋሼ ድምፅ ማዶ ሰፈር ይሰማል፤ አሁን "ለካ ሰካራም ነህ!" ይሉና ነገ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

"አውቅ ነበር" አሉ ጋሼ፣ በቀስታ።

"ምን?"

"ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ቀጥ ብዬ ባመጣህ ትሸሽ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያዞርኩህ።"

ዓይን ያወጣ፣ ጥርስ ያበቀለ ውሸት ነበር። ሰውየው ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበት።

"ጋሼ፣ እኔም አውቅ ነበር" አለ። "የጠየቅኩዎት እንደማያውቁ ስላወቅኩ ነው።"

በእኚህ ሰው ላይ በጡረታ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ስድብ ተሰንዝሮባቸው አያውቅም። ለስላሳቸውን እስከ ጫፉ ጠጡ። አፋቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

"እንግዲያው አሁን አወቅሁ" አሉና ተነሡ። "ተነሥ።"

"ብርጭቆው…"

"ብርጭቆው የትም አይሄድም። ተነሥ እንጂ አንተ!"

ክንዱን ይዘው ጎተቱት። ባለቤቷ ያልተነካውን መጠጥ ወደ ጠርሙሱ እየመለሰች "ይኸው! ደንበኛዬ ሳይሆን እንኳ ወሰዱብኝ" አለች።

ክፍሉ ከጎሚስታው በላይ ስለሆነ የጎማ ሽታ ይሸተታል። ከሥር ጎማ የሚነፋው ሞተር በተነሣ ቁጥር የሚናገረው ሰው ኑዛዜውን መሃል ላይ አቋርጦ ይጠብቃል። ሰብሳቢዋ ቁመቷ አጠር ያለ ልብስ ሰፊ ነች። ሰውየው ገባ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ዓይናቸው ከልማድ ብዛት ቆጣሪውን ፈልጎ ወደ ላይ ወጣ።

"አባባ፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እኔ አድራሽ ነኝ።"

"አድራሽም ይቀመጣል።"

የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ "ተነሥ" እንዳይሏቸው የሰጉ ይመስሉ ነበር። ስጋታቸው ብዙ አልቆየም። ወዲያው ወንበሮቹ በየት በኩል መዞር እንዳለባቸው አስረዱ፤ መስኮቱ ያለ ቦታው መሠራቱንም ተናገሩ።

ተራው ሲደርስ መስታወት ቆራጩ ተነሣ። ሞተሩም አብሮት ተነሣ። ሞተሩ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያ መሃል ሊሸሽ ይችል ነበር፤ በሩ አጠገብ ግን ጋሼ አሉ።

"እናንተን ላለማግኘት ነበር ከቤት የወጣሁት" አለ። "ከከተማው ሰው ሁሉ መርጬ መንገድ የማያውቁትን ሰው ጠየቅኩ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እኔ ደግሞ በመኪና ነበር የፈለግኳችሁ!" አለ አናጢው ዕንባውን እየጠረገ። "እዚህ ሥር ድረስ መጥቼ፣ ጎማ አስነፍቼ፣ 'አጣኋቸው' ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት!" እያንዳንዱ ስብሰባውን እንዴት አድርጎ እንዳላገኘው ይናገር ጀመር። መንገድ መሳት የተማረ ሕዝብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ነበር።

ጋሼ ግን ከጎናቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ጎሸም አድርገው "ሰማህ?" አሉት፣ ፊታቸው በርቶ። "ከከተማው ሰው ሁሉ መርጦ እኔን!"

ሳቁ ሲበርድ ሰውየው ገና አልተቀመጠም ነበር። ፋሻ ያለበትን እጁን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው፤ እህቱ ያልሰማችውን ቃልም ተናገረ፦ "ጠጪ ነኝ።" የሳቀ አልነበረም። እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

ሰኞ ጋሼ ለምስክርነት ሱቁ ድረስ ሄዱና ስብሰባው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር ብለው መሰከሩ። ጎሚስታው ባለ አንድ ፎቅ ነው። እህትየው ለማመን ተቸገረች። ክፍሉን ግን አላስለቀቀችውም፤ የሚወለወል ፍሬም ሰጥታው "እናያለን" አለችው። ገና እያየች ነው።

ጋሼም ከዚያ ወዲህ አልተሻሻሉም። ተባብሶባቸዋል እንጂ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠይቃቸውን ሁሉ፣ የመሬት ቢሮ ፈላጊውንም፣ የጥርስ ሕመምተኛውንም፣ ቤት ተከራዩንም፣ ክንዱን ይዘው ያንኑ የጓሮ ደረጃ ያወጡታል። ልብስ ሰፊዋ ግማሹ ጉባኤ በሕይወቱ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው እየሆነ ነው ብላ ታማርራለች። ግን ደግሞ ከነዚያ ጥርስ አመመኝ ባዮች መካከል አንዳንዱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ጥርሱን ሳያመው ይመጣል። ስለዚህ እኚህን አጉል አዋቂ፣ እኚህን የመንገድ ጠላት፣ ከመታጠፊያው ላይ ይነሡ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቢገኝ የሰፈሩ ሰው ያንን ሰው ነው የሚያነሣው።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነብ፣ ብርጭቆህ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀህ የለም። አንድ ነገር ግን ትለመናለህ። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ መታጠፊያ ስታልፍ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ "ወዴት ነህ አንተ ጎረምሳ?" ቢሉህ፣ እባክህ "ፋርማሲ ፈልጌ ነው" አትበላቸው፤ ፋርማሲውን አልፈኸው ነው የመጣኸው። ስልክህንም አውጥተህ የተደወለለት ሰው አትምሰል። ቆም በልና፣ አንዴ ብቻ፣ የምትፈልገውን በስሙ ጠርተህ እንዲህ በላቸው፦ "ጋሼ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎችን ስብሰባ ፈልጌ ነው።"